አፏ ብቻ ሲቀር

አፏን እንደገና በምላጭ ፋቀው። ገና ያልደረቀው ቀይ ቀለም እየተጠቀለለ አውራ ጣቱ ላይ ወጣ፤ በሱሪው ጠረገው። እህቱን የሚሥልበትን፣ አሮጌ የመስኮት ፍሬም ላይ የወጠረውን አቡጀዲ፣ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነበት፣ የጨርቁን ጀርባ ለመስኮቱ ሰጥቶ አቁሞታል። ሌላው ሁሉ አልቋል። ዓይኗ፣ በሻሽ የታሰረው ፀጉሯ፣ እስከ ክርኗ የተሰበሰበው የሹራቧ እጅጌ፣ ሁሉም በቦታው ነው። አፏ ብቻ እምቢ አለው።

እህቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሆስፒታል ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። ፎጣ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች። እጇ ሥራ ሲይዝ እንደ ልማዷ ታንጎራጉራለች፤ ስታንጎራጉር ደግሞ አፏ ወደ ግራ ጣመም ይላል። መድረክ ላይ ይህን አፍ ያየ ሰው የለም። ድሮ አንድ ፎቶ አንሺ «አፍሽን አታጣምሚ» ካላት ጀምሮ መብራት ሲበራባት ቀጥ ታደርገዋለች። በስልኩ ሊቀዳት ሲሞክርም ያው ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው የተቀመጠላት ይመስል ወዲያው ድምጿን ታሰማምራለች። የቤቱ ዜማ የትም አልተቀዳም።

ከነገ በኋላ ደግሞ ዜማው የለም። ዶክተሩ የጉሮሮዋ ዕጢ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ድምጿም አብሮት እንደሚሄድ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል።

እሱ የሱቅ ማስታወቂያ ሠዓሊ ነው። የከተማው ፀጉር ቤቶች በር ላይ ያሉት ፊቶች ግማሾቹ የእጁ ሥራ ናቸው፤ ሁሉም አፋቸውን ገጥመው ደንበኛ ይጠብቃሉ። የተከፈተ አፍ ሥሎ የሚያውቀው ለጥርስ ሐኪም ብቻ ነው። ዛሬ ሲጨንቀው እጁ የለመደውን ያመጣለታል፤ ወይ የተገጠመ ከንፈር፣ ወይ የጥርስ ሰልፍ። አሁንም ቀባ፣ አሁንም ጥርስ ሆነ።

እህቱ ተነስታ መጣችና ከትከሻው በላይ አንገቷን አሰገገች።

«ቡሩሼ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ ዘፋኝ አይደለችም። መንጋጋዋን ልታስነቅል ወረፋ የያዘች ናት።»

ከልጅነቱ ጀምሮ የምትጠራው በዚህ ስም ነው። ሳይስቅላት ቡሩሹን ወደ ቀለሙ መለሰ። ትከሻውን ጨበጥ አደረገችው።

«አፏን ዝጋውና ይለቅ» አለች ቀስ ብላ። «ከነገ በኋላ እኔም እንደዚያው ነኝ።»

«እታለም፣ ዝም ብለሽማ ዕድሜ ልኬን አይሻለሁ። አሁን ዝፈኚልኝ።»

ወደ አልጋው ተመለሰች። ግን ዝፈኚ መባሏ አበላሸው። ጀርባዋ ተቃና፣ አገጯ ወጣ፣ አፏ ቀጥ አለ። ድምጿ ያምራል፤ እሱ የፈለገው ግን ይህን አልነበረም። እሷም ገብቷት ዓይኗን ጨፍና ደገመችው። በጣረች ቁጥር አፏ ይበልጥ ቀጥ ይላል። በመጨረሻ ዜማውን አቋርጣ ፎጣውን ፊቷ ላይ ደፋች።

ሆስፒታል ሊወስዳት የመጣው ታላቅ ወንድማቸው ከታች የመኪናውን ክላክስ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ረዘም አድርጎ።

ሠዓሊው እንዳልሰማ ሆነ። ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ በራሰ ጨርቅ ጥርሶቹን ጠረገ፤ አልለቅ ሲሉት ምላጩን ይዞ ፋቀ፣ እንደገና ፋቀ። ቆይ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ እያለ ለማን እንደሚለምን ሳያውቅ ይለምናል። ከኋላው የሻንጣው ዚፕ ተዘጋ። መጥታ ማጅራቱን ሳመችው። መኪናውን አክስቶቻቸው ሞልተውታል፤ እሱ በኋላ በእግሩ ሊከተል ነው።

«ጥርስ እንዳታበዛብኝ» ብላ ወጣች።

ዞሮ አላያትም። ዓይኑን ቢያነሳ እጁ እንደማይታዘዝለት ያውቃል። ሻንጣው ደረጃውን እየመታ ሲወርድ ሰማው፤ ከዚያ፣ እጇ ሥራ ስለያዘ፣ ራሷን ረስታ ማንጎራጎር ጀመረች።

ቡሩሹን እንደያዘ ወደ በሩ ሊሮጥ ቀና ሲል፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ መስኮቱ ላይ ደርሳ አየ። አቡጀዲው ከተፋቀበት ቦታ ሳስቶ ክር ብቻ ቀርቷል። ምላጩን ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጎትት ስለነበር የሳሳው ቦታ ወደ ግራ ጣመም ብሏል። ብርሃን በዚያ በኩል እየወጣ ነበር፤ ስታንጎራጉር የሚጣመመው አፏ ነው።

ዜማው ደረጃውን ጨርሶ ወረደ። የመኪና በር ተዘጋ። ሠዓሊው ዓይኑን ከዚያ ብርሃን ሳይነቅል ባለበት ቀረ። ከመስኮቱ ማዶ ፀሐይዋ የጎረቤቱን ጣሪያ ልትነካ ትንሽ ቀርቷታል።