ነጭ እርግብ

ፎቶ አንሺዋ ወይንሸት «አንዲት ነጭ እርግብ ታነሻለሽ» ከመባሏ በቀር ማስታወቂያው ስለ ምን እንደሆነ አልተነገራትም። ስቱዲዮው ስትደርስ አዘጋጁ ጌድዮን አንዲት አመድማ እርግብ በግራ እጁ ጨምድዶ በብሩሽ ነጭ ቀለም እየቀባት ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ነጭ እርግብ ከየት ላምጣ? ዝም ብለሽ አንሺ።»

የእርግቧ ክንፎች ከገላዋ ጋር ተጣብቀዋል። ምንቃሯን ከፍታ ስታለከልክ ነጭ ለሃጭ ይዝረበረባል።  ወይንሸት ካሜራዋን ከማውጣቷ የእርግቧ አንገት ዝልፍልፍ አለ።

«ይሻላል፤ አሁን አትንቀሳቀስም» አለና ጌድዮን የሞተችውን እርግብ በሽቦ ደግፎ አቆማት።

በዚህ መሃል ማስታወቂያውን ያዘዙት የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የጽሑፉን ናሙና ይዘው ገቡ። እርግቧን ሲያዩ «ውይ፣ ስታምር!» አሉ። ወይንሸት ናሙናውን ተቀብላ አነበበች፦ «ለልጅዎ መኝታ ክፍል፣ ከመርዝ ነፃ የሆነ ቀለም።»

ጌድዮን ብሩሹን ወደሚነክርበት ቆርቆሮ ዞር ብላ አየች።

«ይህ ቀለም የእናንተ ነው?»

«አዎ፣ የራሳችን ምርት ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ኮራ ብለው።

ወይንሸት አንድም ፎቶ ሳታነሳ ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

«ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት አሉኝ፤ ይደጉልኝ።»

«መኝታ ክፍላቸውን በዚህ ነው ያስቀቡት?»

«በስመ አብ! ለእነሱማ ከውጭ ነው ያስመጣሁት።»