ግድግዳው ላይ ያለችው

ተርብ የተገኘበት ግቢ፣ ዘሯ እንዲተርፍ ሲባል ሦስት ዓመት ይታሸጋል፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል። ሕጉ ይህ ነው።

እትዬ ውድነሽ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ግድግዳቸው ላይ ጭቃ የምትለጥፈውን ነገር እንዲያይላቸው ጎረቤታቸውን የባዮሎጂ መምህሩን ስንሻውን ጠሩት። ስንሻው ቀጭን ወገቧን ገና ሲያይ አወቃት። ተርብ ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም አላያትም።

"ምንድን ናት ልጄ?"

እትዬ የተዳሩበትን፣ የወለዱበትን ቤት ዞር ብሎ አየ። "ተራ ተባይ ናት፣ እትዬ።"

"ተመስገን! ተባይ ከሆነችማ..." ብለው የፈላ ውሃ አምጥተው ደፉባት። ስንሻው እጁን ዘረጋ፤ ግን ምን ብሎ ያስቁማቸው? ጭቃው ሲሟሟ ነጫጭ እጮች ወደቁ።

"ዕድሜ ይስጥህ" አሉት። ከዚያ፣ ንብና ተርብ ከጠፉ ወዲህ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ብሩሽ ይዘው ከአንዱ የዱባ አበባ ወደ ሌላው ዱቄት ማሻገር ጀመሩ።

ስንሻው ምርቃቱን አሜን ሳይል ወጣ።