ሁለቱ አፈሙዞች

የወጣቱ አጎት ይርሳው “አባትህን ያስገደለው የጫኔ ባለቦይ ጠመንጃ ነው” ይላል፤ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን ጨምድዶ ስለሚይዘው፣ ጫኔ አንዴ ተኩሶ ዳግም እስኪያጎርስ ጎሹ አባቱ ላይ ደረሰ። ሌላው አጎቱ ጫኔ ደግሞ ጥፋቱ የይርሳው ልሙጥ ጠመንጃ ነው ይላል፤ አረሩን የሚመራ ቦይ ስለሌለው ጎሹን ስቶ ዛፍ መታ።

“ልጄ፣ ልሙጡን ያዝ። ቶሎ ይጎርሳል” አለ ይርሳው።

“ዛፍ ልታድን ከሆነ ያዘው!” አለ ጫኔ።

ወጣቱ አልሳቀም። የአባቱ አስከሬን ከትናንት ጀምሮ ወንዙ ዳር ጥሻ ውስጥ ወድቋል፤ ጎሹም ከአጠገቡ አልራቀም፣ ሲያጓራ እስከዚህ ይሰማል። ሳይመሽ ካላወጡት ጅብ ይቀድማቸዋል። ዛሬ ፊት ፊት የሚሄደው እሱ ነው፤ አጎቶቹ በቀረው ጠመንጃ ከኋላ ሊሸፍኑት ነው፣ ትናንት አባቱን እንደሸፈኑት።

ባሩድ ከመጨመሩ በፊት፣ አባቱ እንዳስተማረው፣ ጫፉ መንጠቆ ያለውን ዘንግ ልሙጡ ውስጥ ሰደደ። ዘንጉ ግርጌው ሳይደርስ ለስላሳ ነገር ላይ ቆመ። ሲስበው ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ ወጣ፤ አባቱ ትናንት ጠዋት ሁለቱንም ጠመንጃ ሲያጎርስ፣ ከእናቱ ሻሽ ቀድዶ አረሩ ላይ የወተፈው፣ ሲተኮስ ከአረሩ ጋር የሚወጣው ጨርቅ ነው።

ባለቦዩንም ሞከረ። ያው ሰማያዊ ጨርቅ ወጣ።

ከጥሻው ጎሹ አጓራ።

“ታዲያ የትኛውን መረጥክ?” አለ ይርሳው፣ ዓይኑን ከጨርቆቹ ሳያነሳ።

“ሁለቱንም። እናንተ እዚሁ ቆዩ።”