ሙሉ ነጥብ

«እህቴ፣ ሳትፈሪ ንገሪኝ፤ ያረገዘች ሠራተኛ ያባርራሉ?» አለቻት ልብስ ሰፊዋን፣ ልብሱን የሚገዛው ኩባንያ ፋብሪካውን እንድትመረምር የላካት ሴት።

«ኧረ በጭራሽ! የወሊድ ፈቃድ አለን፤ ቀለል ያለ ሥራም ይሰጡናል።» አለቃዋ ያስጠናትን አንዲት ቃል ሳትስት ደገመችው። የተቀመጠችበት ወንበር ባለፈው ወር ሆዷ ገፍቶ በመታየቱ የተባረረችው የውዴነሽ ነበር።

«እውነትሽን ነው?»

«እመብርሃንን!»

ሴትዮዋ እፎይ ብላ ሙሉ ነጥብ ሰጠች። እንግዲህ ልብሱ ላይ «ሰው ሳይበደል የተሰፋ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል።

ሰፊዋ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቀረቀረች። ሸሚዟን ገልጣ፣ እናቷ «ስትወልጂ ወገብሽን ታስሪበታለሽ» ብላ ከአገር ቤት የላከችላትን መቀነት ፈታች። የስድስት ወር ሆዷ ገፍቶ ወጣ። ልጁ ተራገጠ። ረጋ እስኪል ጠበቀችውና መቀነቱን ከቅድሙ አጥብቃ አሰረች።