ያለ አሜን

"አትናገር፤ ጀምሬያለሁ" ትለዋለች በሩን ሲከፍት። ዓይኗን ጨፍና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ባሏን በእርምጃው ታውቀዋለች።

ግንበኛው ባሏ የበሩ ደፍ ላይ ይቆማል። ከሆስፒታል በእግሩ ነው የመጣው። ልጃቸው ከቀትር በኋላ ሞቷል፤ የልጁ ታላቅ እህት ሬሳው ዘንድ ቀርታለች። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደሚነግራት ሲያስብ ነበር። ያሰበው አሁን አፉ ውስጥ እንደ ጠጠር ተቀምጧል።

በዚህ ቤት ጸሎት አይቋረጥም። ድስት አርሯል፣ ጣራ አፍስሷል፣ አንድ ጊዜ ሌባ ከግቢው የታጠበ ልብስ ሰብስቦ ሄዷል። እሷ ጨርሳ ነው ዓይኗን የገለጠችው። "በርዶት ይሆናል" ነበር ያለችው ስለ ሌባው።

ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል።

"ጌታ ሆይ፣ ይኸው መጣ" ትላለች። "ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ። ታየዋለህ አይደል? እኔ መክሬው ደክሞኛል፤ አንተ ምከረው።"

ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ልማዳቸው ይህ ነው፤ እሷ ትለምናለች፣ እሱ አሜን ይላል። "ድንጋዩን እኔ አቀብላለሁ፣ ሲሚንቶው ያንተ ነው" ትለዋለች ስትቀልድ። እሱ መጸለይ አያውቅበትም። ያላመነበትን ግን አሜን ብሎ አያውቅም። አንዴ ሎተሪ እንዲወጣላቸው ስትለምን ዝም ቢላት ሳምንት ተኳርፈዋል።

"ልጃችንን ከዚያ አልጋ አንሣልን።"

"አሜን።"

አፉ ነው ያለው፣ ከልማድ። ወዲያው ፊቱ ይግላል። እግዚአብሔር ፊት ዋሸ።

"በእግሩ መጥቶ በዚህ በር ይግባልን።"

ዝም ይላል።

"አንተ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?"

"አልወሰደኝም።"

"አሜን በላ!"

ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ያያል። ጥፍሩ ሥር የከረመ ኖራ አለ።

ትጠብቃለች። ከዚያ ቀስ እያለች ልመናዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ገበያ እንደጠፋበት ነጋዴ።

"እሺ፣ አይራመድ። ተኝቶም ቢሆን ይኑርልኝ። እኔ አነሣዋለሁ፤ እኔ አገላብጠዋለሁ።"

የጥፍሩን ኖራ በአውራ ጣቱ ይፍቃል።

"ዛሬን ይደርልኝ።"

ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። እዚያ ቤት አንድ ሰው ይስቃል።

"እስክደርስ" ትላለች። "እስክደርስ ብቻ አቆይልኝ።"

ግንበኛው አፉን ይከፍታል። ለእሷ ሲል ሊለው ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ምን አላት? ድምፁ አይወጣም።

የቀሚሷን ጠርዝ ሲያፍተለትሉ የነበሩት ጣቶቿ ይቆማሉ። ፊቷ አይለወጥም። አንገቷ ላይ አንድ ሥር ይመታል።

"ጌታ ሆይ" ትላለች፣ ድምፅዋ እየተጎተተ። "እንግዲህ አንተ ጋ ከደረሰ አታስጨንቀው። ገና ልጅ ነው። የሚጠየቅ ነገር ካለ እኔን ጠይቀኝ።"

"አሜን" ይላል ግንበኛው።

"ማን ነበር አጠገቡ?" ትለዋለች።

"እኔ።"

"የተናገረው ነገር አለ?"

"ውሃ ስጠኝ አለ።"

"ሰጠኸው?"

"ሰጠሁት። ከንፈሩን አረጠበ።"

"እንኳን ሰጠኸው።"

ዓይኗን አልገለጠችም። ጸሎቱንም አልዘጋችውም። በእግሯ ወለሉን ዳብሳ ጫማዋን ታገኛለች፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ታጠልቀዋለች። ልትነሣ ስትል ትንገዳገዳለች።

ግንበኛው ከወንበሩ ወርዶ ይንበረከካል። አንዱን ያወልቅላታል፣ ሌላውንም። እንዳትወድቅ እጇን አናቱ ላይ ታሳርፋለች።