የሙጭልጭላዋ ድንጋይ

ወሰንየለሽ ከሚካኤል ደን ዳር፣ ጥዱ ሥር ተቀምጣ ቄስ ገብረየሱስን ትጠብቃለች። አበልጇ ዓለሚቱ ከማዶ ፊቷን አዙራባት ተቀምጣለች። ዛሬ ቄሱ የወሰንየለሽን እንቁላል የሰረቀውን ሌባ ሊገዝቱ ነው። ሌባ የተባለችው ማን እንደሆነች አገሩ ሁሉ ያውቃል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ወሰንየለሽ ዓለም ከተማ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር አውርታዋለች።

አውሬ ቢሆን ቅርፊት ጥሎ ይሄድ ነበር። ዶሮዋን ያስታቀፈችበትን ቦታስ ከእሷና ከዓለሚቱ በቀር ማን ያውቃል?

ቁጥቋጦው ይንኮሻኮሻል፤ ዓለሚቱም ዞር ትላለች። ከድመት ያነሰች፣ የጅራቷ ጫፍ የጠቆረ ሙጭልጭላ እንቁላል በአፏ ይዛ ብቅ ትላለች። እንቁላሉ ላይ የከሰል ምልክት አለ። ወሰንየለሽ ክው ትላለች፤ ምልክቱ ዶሮዋን ስታስታቅፍ በገዛ እጇ ያደረገችው ነው።

ሙጭልጭላዋ ልትነክሰው ትሞክራለች፤ ይንሸራተትባታል። ይሄኔ ለአንድ ድንጋይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። እንቁላሉን በፊት እግሮቿ አቅፋ፣ በኋላ እግሮቿ መሀል ወደ ኋላ ትወረውረዋለች። ይስታታል። ሄዳ ታመጣውና ቦታዋን አስተካክላ ደግሞ ትወረውራለች። ጧ! አስኳሉ ድንጋዩ ላይ ይፈስሳል። ከሥሩ የከረመ ቅርፊት ተከምሯል።

"ዓለሚቱ! አየሽልኝ?" ትላለች ወሰንየለሽ፣ መኳረፋቸውን ረስታ።

"ኧረ አየሁ! ምን ያለ ጥበብ ነው እናቴ? ማን አስተማራት?"

"ፈጣሪ ነዋ!"

ወሰንየለሽ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ዕድሜ ልኳን ደኑ ጥግ ስትኖር፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት እንዳላት አላወቀችም። ንዴቷ የት እንደገባ እንጃ። ሙጭልጭላዋ ድንጋዩን ልሳ ልሳ፣ በኋላ እግሮቿ ቆማ ሁለቱንም ታያቸውና ደኑ ውስጥ ትገባለች።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ይመጣሉ። "በሉ እንግዲህ፣ ሌባውን ልገዝት?"

"ኧረ በሚካኤል አባ፣ እንዳይገዝቱብኝ!"

ተነስታ ድንጋዩን ታነሳለች። ማጅራቷ ላይ ተሸክማው ዓለሚቱ እግር ሥር ትንበረከካለች። አስኳሉ በአንገቷ እየወረደ ነጠላዋን ያረጥበዋል።

"አፈር ስሆን አበልጄ፣ ማሪኝ።"

የዓለሚቱ ዓይን እንባ ያቀርራል። የተወራባት ቀላል አይደለም። ኋላ ግን ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ታወርድላታለች።

"ያዢ በዚያ በኩል" ትላለች። "ቦታው እንመልሰው፤ ነገ ትፈልገዋለች።"