የወይን ቧንቧው አፍ

የሲባሪስ ከተማ በወደቀች በዘጠነኛው ቀን፣ ሰውየው ኮረብታው ላይ ባለው የወይን ቧንቧ አፍ ፊት ተንበርክኮ ነበር። ወይን የሚወርድበት የሸክላ ቧንቧ ከወይን እርሻው ተነሥቶ ቁልቁል ከተማ ድረስ ወርዶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ይገባል። ያለ ግነት ለመናገር፣ በደጉ ዘመን በዚያች ከተማ ውሃ የሚጠጡት ዓሦች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እያጉረመረሙ። አሁን ጠላቶቿ የክሮቶን ሰዎች ወንዙን ጠልፈው ከተማዋ ላይ ለቀውባታል። ከታች ከአድማስ እስከ አድማስ ደፍራሽ ውሃ ተኝቷል። ሚስቱ ሚርቶ ውሃው የተለቀቀ ቀን ጓዳ ውስጥ ነበረች።

«የሙት ወይኗን አፍስስላት እንጂ!» አለ አማቹ፣ ማድጋውን እየገፋለት። «እህቴ ናት፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተጠምታለች።»

«ለሞተ ነው የሚፈሰው! ሚርቶ እኮ ሠላሳ ሎሌ በአንድ ዓይኗ የምታርበደብድ ሴት ናት። ጭቃ ነው የሚገድላት?»

«እንግዲያው ጥራታ፣ ጉረኛ!»

ሰውየው ወደ ቧንቧው አጎነበሰ፤ ወትሮ ወይን ሲለቅላት ያደርግ እንደነበረው «ሚርቶዬ፣ መጣልሽ! እንስራሽን ደቅኚ!» ብሎ ጮኸ። ከቧንቧው የወጣ ወንዝ ወንዝ የሚሸት ቀዝቃዛ ትንፋሽ ብቻ ፊቱን ዳሰሰው። ማድጋውን አንሥቶ ማፍሰስ ጀመረ። አማቹ የሙታንን ጸሎት ሲጀምር «ዝም በል፣ አላሰማ አልከኝ!» አለው። ወይኑ እየተንደቀደቀ ወረደ፤ እየቆየ ጠብታ ብቻ ሆነ፤ አለቀ።

«ሌላ ማድጋ አቀብለኝ» አለ፣ ጆሮውን ከቧንቧው ሳያነሣ። «ገና በቃኝ አላለችም።»